ስኳርም አልኮልም በአንድ ጣሳ

እትዬ ሃሎ ስልክ ቀድመው ዘግተው አያውቁም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ነውና፣ ሁለቱም ወገን ተሰነባብቶ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ መጠበቅ ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ጡረታ ከወጡም በኋላ አልለቀቃቸውም። ቅጽል ስሙን ያተረፈላቸውም ስልክ ሲያነሱ «ሃሎ»ን እንደ ዘፈን ማስረዘማቸው ነው። ዛሬ ጠዋት ባንክ ቤት የምትሠራው ሴት ልጃቸው ደውላ «ለምሳ ከባለቤቴ ጋር እንመጣለን እማዬ፤ የምናወራውም ነገር አለን» አለች። ከተሰነባበቱ በኋላ ስልኩን የዘጋች መስሏት ሶፋው ላይ ጣል አደረገችው፤ እትዬ ሃሎም እንደ ልማዳቸው ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉት ቆሙ። መስመሩ አልተቋረጠም። በምትኩ የአማቻቸው ድምፅ መጣ። «ነገርሻቸው?» አለ። «ስንሄድ እነግራታለሁ» አለች ልጅቱ። «እንዲሁ ኑ ብንላቸው አይወጡም፤ አንድ ምክንያት ማግኘት አለብን» አለ እሱ፣ «ያ ቤት እኮ ቢከራይ በዚህ ጊዜ ጥሩ ያወጣል። ለእሳቸው የካውያዋ ክፍል ትበቃቸዋለች። አልጋ ታስገባለች፤ ለክቻታለሁ።» ከዚያ ከሁለቱ አንዱ ሶፋው ላይ ስልኩን ተቀመጠበት መሰለኝ፣ መስመሩ ተቋረጠ።

እትዬ ሃሎ ያቺን የካውያ ክፍል ያውቋታል። መስኮት የላትም። የልብስ ማጠቢያው ማሽን እዚያው ነው፤ ሲሽከረከር ወለሉም አብሮ የሚሄድ ይመስላል። አንድ ጊዜ ልጃቸው ቤት እንግድነት ሄደው እዚያ አድረው ነበር፤ ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ የአማቻቸው ሸሚዞች በመስመር ተሰቅለው ቁልቁል ሲያዩዋቸው ደነገጡ። ስልኩን አስቀምጠው ቤታቸውን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱት። ቤት ከተባለ ማለቴ ነው፤ አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ከገባበት አንዱ መውጣት ያለበት ወጥ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ ልክ ከጠረጴዛው ጎን በሩ የሚከፈት መጸዳጃ ቤት። ይህ ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር በሌለበት ሕንፃ ነው። ግን መብራቱን ሲፈልጉ የሚያጠፉት፣ ሲፈልጉ የሚያበሩት እሳቸው ናቸው። ተናደዱ፤ ከንዴቱም በላይ ፈሩ። ምክንያት ነው የሚፈልጉት፣ እንግዲያው ምክንያት አላስገኝላቸውም አሉ በልባቸው። ቤቱ ይጸዳል፣ ምሳው በሰዓቱ ይደርሳል፣ መድኃኒታቸውም ሰው ፊት ይዋጣል። ሲጨርሱም፣ ራሳቸውን ጠብቀው መኖር የሚያውቁ ሴት መሆናቸውን የሚያሳይ ኬክ ይቀርባል።

የኬኩ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሐኪሙ ስኳር እንዳለባቸው የነገራቸው ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ ነበር፤ ጥፋቱ የተጀመረው ያኔ ነው። «ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ እማማ፣ ስኳርና አልኮል» አለ ሰውየው። ልጅቱ ይህቺን ቃል እንደ ጸሎት ያዘቻት። ስትደውል «ስኳርና አልኮል እማዬ»፣ ስትሰናበት «ስኳርና አልኮል እማዬ»። አልኮሉ እንኳ እትዬ ሃሎን ያን ያህል አልጎዳቸውም። ሠርግ ላይ አንድ ብርጭቆ ወይን የማይጠሉ፣ ሁለተኛውንም እንቢ ብለው ሰው የማያስቀይሙ ናቸው፤ በቃ። የከበዳቸው ስኳሩ ነው። ኬክ ጋግሮ ለሰው ቆርሶ የራስን ጣት እንኳ አለመላስ ከባድ ቅጣት ነው።

ከዚህ ቅጣት ያወጣቸው ወንዱ ልጃቸው ነው። ልጁ ከረሜላና ማስቲካ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ መጋዘን ያዥ ነው፤ ለሰው ከሚጨነቀው ይልቅ ለዱቄት የሚጨነቀው ይበልጣል። እኅቱ «መጋዘን» ትለዋለች እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። በቅርቡ ፋብሪካው ለሙከራ አስመጥቶት የተረፈውን ነጭ ዱቄት ለሠራተኛው ሲያካፍል፣ ድርሻውን በወተት ጣሳ ሞልቶ ለእናቱ አመጣላቸው። «ይሄ ማስቲካ የምናጣፍጥበት ነው። ስኳርሽን እንደ ስኳር አያስጋልበውም፤ በልክ ከሆነ ሐኪምሽም ምንም አያደርግም ብሏል፣ ጠይቄዋለሁ» አላቸው። ከዚያ መመሪያው ወረደ። እርጥበት ጠላቱ ነው፤ እርጥብ ማንኪያ እንዳይገባበት። ከወጥ ቤት እንፋሎት ይራቅ፣ ክዳኑ ሁልጊዜ ይገጠም። ሲገለበጥ ቀስ ተብሎ ነው። ብናኙ ከተነሳ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ ብናኝ ባለበትም እሳት አይለኮስ፤ እኛ መጋዘን ውስጥ እንዲያውም ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ውሻ እንዳይቀምሰው፣ ለሰው ማጣፈጫ የሆነው ለውሻ መርዝ ነው። ሰውም ቢሆን ካበዛው ሆዱ ይላላል። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ወፍራም እስክሪብቶውን አውጥቶ፣ መጋዘን ውስጥ እንደለመደው የዕቃውን ዓይነት በወረቀት ላይ በጉልህ ጽፎ ጣሳው ላይ ለጠፈ፦ «ስኳር አልኮል። ከእርጥበት፣ ከእሳት፣ ከልጆችና ከውሻ ይራቅ።»

«አልኮል አለው እንዴ?» አሉ እናት።

«የለውም። ስኳርም አልኮልም አይደለም። የኬሚስትሪ ሰዎች ያወጡለት ስም ነው።»

እትዬ ሃሎ ደንብ ያለበት ነገር ይወዳሉ፤ ማዞሪያ ክፍልም ደንብ ነበረው። ጣሳውን መኝታ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ አኖሩት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ከዓመታት ጀምሮ «አንድ ቀን ይጠቅማሉ» ብለው ያጠራቅሙ ነበር፤ ቀናቸው ደረሰና ጣሳውን ዙሪያውን ከበቡት። ዕቃ በደንቡ ሲቀመጥ የተደበቀ እንደሚመስል እሳቸውም ልጁም አላሰቡትም።

ዛሬም ሥራቸውን የጀመሩት በደንቡ ነው። ሰማዩ ስለጠቆረ እርጥብ አየር እንዳይገባ መስኮቱን ዘጉ፣ መጋረጃውን ሳቡ። ከወረርሽኙ ጊዜ የተረፈውን የአፍ መሸፈኛ አደረጉ። ማንኪያውን ደረቅ ፎጣ ላይ እንደገና አሽተው አደረቁት። ምድጃው ከመለኮሱ በፊት ዱቄቱን ለክተው ቀላቀሉ፣ ክዳኑን ገጠሙ፣ ጣሳውን ወደ ቦታው መለሱ። ዱቄት የሚያፈስሱ ሳይሆን ቀዶ ጥገና ላይ ያሉ ነበር የሚመስሉት። ከላይ ለመነስነስ ያስቀሩትን ትንሽ ዱቄት በሳህን እንደያዙ በሩ ተቧጨረ። የታችኛዋ ጎረቤት ውሻ ነው፤ ቁርሱን ሁልጊዜ እሳቸው ዘንድ ነው የሚቀበለው። የኬኩ ሽታ ስቦት መጥቷል። እትዬ ሃሎ በሩን በጣት ስፋት ከፍተው፣ በተሸፈነ አፋቸው፣ «ሂድ ልጄ፣ ሂድ፣ ለነፍስህ ስል ነው» አሉት። ባለቤቲቱ ከኋላው ደረጃው ላይ ቆማ ነበር።

«ምን አጠፋ እትዬ?»

«ምንም አላጠፋ። ቢገባ ግን ይሞታል» ብለው ዘጉባት። ስለቸኮሉ ነው እንጂ ሌላ ጊዜ ቢሆን አስረዝመው ያስረዷት ነበር። ጎረቤቲቱ ውሻዋን እቅፍ አድርጋ ደረጃውን ወረደች፤ ቅሬታዋን የሚቀበላት ሰው ለማግኘትም ብዙ አልቆየችም።

ልጅና አማች ሲመጡ ሕንፃው በር ላይ ያገኘቻቸው እሷው ናት። «እናትሽ ደህና ናቸው? ሰሞኑን በር ዘግተው ነው የሚውሉት፤ ዛሬ ደግሞ አፋቸውን ሸፍነው፣ መጋረጃ ስበው፣ ውሻዬን የገባ ይሞታል አሉት» አለቻቸው። ልጅቱ ቀለሟ ተለወጠ። ባልየው ግን ጆሮው ቆመ። ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ገማች ነው፤ የተጋጨ መኪና፣ የተቃጠለ ሱቅ እየዞረ ያያል፣ የጎደለውን ይገምታል። መጥፎ ሰው ነው ማለት አልፈልግም። ግን ሥራው ሰውየውን በልቶታል፤ ቤት ሲገባ «እንደምን ዋላችሁ» ከማለቱ በፊት ጣሪያው ላይ ስንጥቅ ይፈልጋል።

ምሳው ያለ እንከን አለፈ። እትዬ ሃሎ መድኃኒታቸውን በሁለቱም ፊት ዋጡ፤ ሳህኑን አነሱ፤ የኤሌክትሪክ ማፍያውን ሶኬት ላይ ሰክተው ጠረጴዛው ላይ ውሃ ለሻይ ጣዱ። ልጅቱ «ቤቱ ታፍኗል፣ መስኮት ልክፈት» ስትል «አይከፈትም፣ እርጥበት ይገባል» አሏት። «እርጥበት ምን ያደርጋል?» ብትላቸው፣ ስለ ኬኩ ተአምር ገና አላወሩምና «በኋላ ታውቂዋለሽ» አሉ። ባልና ሚስት ተያዩ። ገማቹ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። መታጠቢያው በግራ ነው፣ እሱ ግን ወደ ቀኝ፣ ወደ መኝታ ቤቱ ነው የታጠፈው። የግድግዳውን እርጥበት ሊያይ እንደሆነ በኋላ ተናግሯል። ግድግዳ ቁም ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን አላብራራም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይሄ ነው፤ የሚገርመው ግን ኩበቱን ማግኘቱ ነው። ሊፈነዳ እንደሚችል ነገር ጣሳውን በሁለት እጁ ከደረቱ አርቆ ይዞ ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሚፈላው ውሃ አጠገብ አስቀመጠው።

«ከብርድ ልብስ ኋላ ነበር» አለ። ከዚያ ፍርድ እንደሚያሰማ ሰው ጮክ ብሎ አነበበው። «ስኳር። አልኮል።»

ልጅቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሁለቱንም እማዬ?» አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ። «ሁለቱንም በአንድ ጣሳ?»

እትዬ ሃሎ መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ፤ የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ግን ተመለሰ። በእውነት ልታለቅስ ነው። «ስሚኝ፣ ስኳር አልኮል ማለት ስኳርም አይደለም፣ አልኮልም አይደለም» አሉ ረጋ ብለው። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ለራሳቸውም እንኳ የሰካራም ንግግር መሰላቸው። «ታዲያ ከሁለቱ አንዱንም ካልሆነ ለምን ሁለቱንም ተባለ?» አለ ገማቹ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስሙን ያወጡት የኬሚስትሪ ሰዎች ናቸው። ልጄ ነው ያመጣልኝ።» ልጅቱ «መጋዘን? መጋዘን ነው አልኮል የሚያመላልስልሽ?» አለች። ነገርን ነገር ይወልዳል እንዲሉ፣ ያልተጠየቀው ሁሉ ተጠየቀ። ለምን በዱቄት? ውሻው ምን አይቶ ነው የሚሞተው? አፋቸውንስ የሸፈኑት ለምንድነው? «ብናኙ እንዳይገባኝ» አሉ። «ለምን ከልጆች ይራቅ ተባለ?» «ከእሳትስ?» «እሳትማ ካገኘው ብናኙ ይነዳል አለኝ» ሲሉ ገማቹ ወንበሩን ከጠረጴዛው ራቅ አደረገ። እውነቱን በተናገሩ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነው፤ የካውያዋ ክፍል ከነሸሚዞቿ ትታያቸው ጀመር።

ያላቸው ምስክር አንድ ልጃቸው ብቻ ነው። ደወሉለት። የልጁ ስልክ ግን ዱቄቱ ካለበት ገብቶ አያውቅም፤ ፋብሪካው መልበሻ ክፍል፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው የሚውለው። እሱን ስትተካ የምትመልሰው ያቺ የተቀዳች ሴት ናት፤ የጠሩት ደንበኛ ለጊዜው አይገኝም አለቻቸው። እትዬ ሃሎ ይህቺን ሴት ከሁሉም ይጠሏታል፤ እንጀራቸውን የወሰደችባቸው እሷ ናት። «ፈልገሽ አምጪው እንጂ፣ አይገኝም ብሎ ነገር አለ? እኔ ብሆን ጎረቤት ደውዬ አስጠራው ነበር» አሏት። ለተቀዳ ድምፅ መልስ ሲሰጡ ገማቹ ሚስቱን በክርኑ ነካ አደረጋት።

እንግዲህ ለእውነት የቀረላት ኬኩ ነው። እትዬ ሃሎ ወጥ ቤት ገብተው አመጡት። ነጣ ያለ፣ እንደ ሌላው ኬክ ያልቀላ፣ ላዩ በነጭ ብናኝ የተነሰነሰ። «በዚሁ ዱቄት ነው የተሠራው፤ ቅመሱና ፍረዱ» ብለው ቆረሱ። ልጅቱ አልነካችውም። ገማቹ ግን ጉዳት ሲገምት ኖሯልና ማስረጃ አያልፍም። አንድ ጉርሻ አፉ አስገባ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ምላሱን ላንቃው ላይ አዞረ። «ይቀዘቅዛል» አለ።

«አዎ፣ ምላስ ላይ ቀዝቀዝ ይላል፤ ልጄም ነግሮኛል።»

«አልኮል ነዋ። መርፌ ከመወጋታችን በፊት በጥጥ የሚቀቡን አይቀዘቅዝም?» ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ይህን ለማለት ግን ሌላ ቁራጭ ማንሳት ነበረበት፤ የመጀመሪያው ማስረጃ አልቋል። ኬኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር። እትዬ ሃሎ ሦስተኛውን ሲያነሳ «በልክ አድርገው ልጄ፣ ሲበዛ ጥሩ አይደለም» አሉት። እሱም ጣቱን ወደ ሚስቱ ቀስሮ «ሰማሽ? ሲበዛ ጥሩ አይደለም!» አለ። «ሆድ ያላላል ነው የምልህ» ቢሉም አልሰማም፤ ማስጠንቀቂያውን ሁሉ እንደ ጥፋተኛ የእምነት ቃል ነው የሚቀበለው። የበላውን ከዱቄቱ ጋር ሊያስተያይ የጣሳውን ክዳን ከፈተ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ ሳበ፣ አስነጠሰ። ነጭ ብናኝ ቅንድቡ ላይ አረፈ። ውሃው ፈልቶ እንፋሎቱ ቀጥታ ጣሳው ውስጥ ይገባል። «ክዳኑን፣ ክዳኑን» ብለው እጃቸውን ቢዘረጉ ማስረጃ ሊያጠፉ መስሎት ጣሳውን ወደ ራሱ ሳበው፤ ለእንፋሎቱ ይበልጥ ተመቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ግማሹ ኬክ ሲያልቅ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ፤ ጉንጩን ዳበሰ። «ሞቅ ብሎኛል» አለ። «እንዲያውም ትንሽ ዞረብኝ። በይ እንግዲህ፣ ምክንያቱ ይኸው ተገኘ።»

ምክንያት የምትለው ቃል ሳሎኑ ውስጥ ቀረች። ልጅቱ አቀረቀረች። እትዬ ሃሎ አንዳች ሊሉ ሲሉ ስልኩ ጮኸ፤ የሻይ ሰዓት ደርሶ ልጃቸው ከመጋዘን ወጥቷል። «ሃሎ» አሉ፣ ዛሬ ሳያስረዝሙ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈቱት። «ልጄ፣ እኅትህና ባሏ እዚህ ናቸው፤ ያ ስኳር አልኮል . . .»

«ክዳኑ ተገጥሟል?» አለ ልጁ።

«ተወው ክዳኑን፣ እኔ ሰካራም ተብያለሁ።»

«መጀመሪያ ክዳኑን ንገሪኝ።»

እትዬ ሃሎ ጣሳው ውስጥ አዩ። ዱቄቱ ላዩ ረጥቦ መጓጎል ጀምሯል። «እንፋሎት ገብቶበታል» አሉ በጥፋተኛ ድምፅ። ልጁ ሰው የሞተበት ያህል ተነፈሰ። እኅቱ ስልኩን ነጥቃ «አንተ መጋዘን፣ ለስኳር በሽተኛ አልኮል ታመጣለህ?» አለችው። እሱም መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፤ ሳቁ ከሳሎኑ ግድግዳ ወደ ግድግዳ ተላጋ። «አንቺ ባንክ ውስጥ ስትሠሪ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ እየተንቀሳቀሰ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ስም ነው እኮ። የሚያሰክር ነገር የለውም። ካበዙት ግን ሆድ ላይ ነው ችግሩ።» «ስንት ነው የበላችው?» አለ ልጁ።

«እሷ አልነካችውም» አሉ እናት። «አማችህ ነው።»

«ምን ያህል?»

«ግማሹን ኬክ።»

«ሆድ ያላላል ብለሽ አልነገርሽውም?» አለ ልጁ።

«ነገርኩት እንጂ። ኧረ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ያለውን መንገድ ልቀቁለት» አለ መጋዘን ያዡ፣ ጭነት እንደሚያስገባ ሰው። ገማቹ «ኧረ ምንም አልተሰማኝም» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ አላለቀም። ሆዱ ሳሎኑ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ቀድሞት መለሰ። ፊቱ ላይ የነበረው ሙቀት ሁሉ ወረደ፤ ተነሳ፤ ወንበሩ ወደቀ፤ በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልተርክም። የቤቱ ግድግዳ ስስ መሆኑን ግን ገማቹ ራሱ ምሳ ላይ ሁለት ጊዜ ተናግሮ ነበር።

እናትና ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተፋጠው ቀሩ። መጀመሪያ ልጅቱ ናት የሳቀችው፤ ልትይዘው ሞክራ አልቻለችም፤ እትዬ ሃሎም ተከተሏት። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከመጸዳጃ ቤቱ «ምን ያስቃል?» የሚል ድምፅ ሲመጣ ጭራሽ ባሰባቸው። ከዚያ ሳቁ እንደ አመጣጡ ሄደ። ልጅቱ የጣሳውን ክዳን ፈልጋ ገጠመችው። ከተጓጎለ ወዲያ ምን ያደርጋል፣ ግን ገጠመችው። ትንሽ ኬክ ቆርሳ ቀመሰች። «ጥሩ ነው» አለች።

«የካውያዋ ክፍል መስኮት የላትም» አሉ እትዬ ሃሎ።

ልጅቱ የያዘችውን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ማን እንደነገራቸው አልጠየቀችም፤ ስልኳን አይታ፣ እናቷን አይታ፣ ገባት። እትዬ ሃሎ ሊጮኹባት ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጁት ብዙ ነገር ነበራቸው፤ አሁን ሲፈልጉት አጡት። ልጃቸው የሸማቸውን ጫፍ እያፍተለተለች ነው፤ ሕፃን ሆና ጥፋት ስታጠፋም እንዲሁ ነበረች። በስተመጨረሻ «እሱ ስለ ኪራዩ ያስባል፤ ውሸት አልነግርሽም» አለች። «እኔ ግን ለሱ አይደለም። ማታ ስደውልልሽ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አታነሺም። ሞታለች እላለሁ። ከዚያ ታነሺዋለሽ፤ ሃሎ ትያለሽ፣ እንደዚያ አስረዝመሽ፤ ያኔ እናደድብሻለሁ። በየማታው እንዲሁ ነኝ። ብቻሽን ስትሆኚ አንቺ አትፈሪም?»

እትዬ ሃሎ አልፈራም ሊሉ ነበር። ቀኑን ሙሉ ምክንያት ላለማስገኘት ሲጠነቀቁ ውለው ይህቺን አንዲት ምክንያት በገዛ አፋቸው መስጠት ሞኝነት መሆኑን ያውቃሉ። ግን ልጅቱ በእውነት ነው የጠየቀቻቸው።

«እፈራለሁ» አሉ። «ሌሊት ቧንቧው ሲንኳኳ ሌባ ይመስለኛል። ራሴን ሲያዞረኝ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ፤ ዛሬ ነው እንዴ እላለሁ። በጣም እፈራለሁ። ግን በገዛ ቤቴ ነው የምፈራው። ተነስቼ መብራት አበራለሁ፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ቢያሰኘኝ እዘፍናለሁ፤ የምቀሰቅሰው ሰው የለም። በሰው ቤት ስትፈሪ ግን ድምፅሽን አጥፍተሽ ነው።»

ልጅቱ ዓይኗን በእጇ ጠረገች። የተረሳውን ሻይ ቀድታ ጠጣች። ተነስታ የወደቀውን ወንበር አቆመችና ወደ መጸዳጃ ቤቱ በር ሄደች፤ በሩን በጣቷ አንኳኳች።

«ስማኝ» አለች። «ስለ ቤቱ የምናወራው ነገር የለም፤ እናቴ የትም አትሄድም። አንተ መኪናውን ይዘህ ብቻህን ሂድ፤ እኔ ዛሬ እዚህ ነው የማድረው።»

ከውስጥ ውሃ ተለቀቀ። ከዚያ ገማቹ፣ ከጠዋት ጀምሮ ካወጣው ድምፅ ሁሉ በቀጠነ ድምፅ፣ «እኔም ዛሬ ከዚህ ቤት የምወጣ አይመስለኝም» አለ።